ቤት ውስጥ ማስተማር ሁሉ ለየብቻ ማስተማር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በ2012 በኮሮና፣ በ2014 በጦርነቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር ለብዙ የወሎ ወላጅ ግድ ሆኖ ነበር። ዛሬም ወደ ኋላ የቀረ ልጁን ማታ ማታ የሚያስጠና አለ። ጥረቱን እናከብራለን። ግን ሦስት ልጆችን አንድ ምንጣፍ ላይ ሰብስቦ አንድ ትምህርት መስጠት ክፍሉን ማሳነስ እንጂ እያንዳንዱን ልጅ ማየት አይደለም። ታላቅየው ይመልሳል፣ ታናሽየው ያስተጋባል፣ እናት ሁለቱም ያወቁ ይመስላታል።

ፊደልን እንውሰድ። ልጁ «መ ሙ ሚ»ን እንደ ዜማ ይወርደዋል። ገበታውን ሸፍናችሁ «ሞ»ን ብቻ አሳዩት። ከ«መ» ጀምሮ በልቡ ቆጥሮ ከደረሰባት የያዘው ዜማውን ነው። ካርቶን ቆርጣችሁ በየቁራጩ አንድ ፊደል ጻፉ፤ በቀን አራት ወይም አምስት አዲስ፣ ከትናንቱ ጋር ተቀላቅሎ ይነበብ። «በ»ንና «ሰ»ን፣ «ጸ»ንና «ጰ»ን በአንድ ቀን አታስጀምሩ፤ መልካቸው ስለሚቀራረብ ሁለቱም ይምታቱበታል። ሳድስ (እንደ «ም» ያለው ስድስተኛው ፊደል) ወጥ ምልክት ስለሌለው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

በሒሳብም እንዲሁ ነው። 42 ሲቀነስ 17ን «35» ብሎ የጻፈ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ከ7 ላይ 2ን ቀንሶ ነው። «ተሳስተሃል» ብሎ ማለፍ ምንም አያስተምረውም። አሥር አሥር እንጨት አስራችሁ አራት እስርና ሁለት ነጠላ ስጡት። 7 ነጠላ ሲያጣ አንዱን እስር ራሱ ይፍታው፤ ሦስት እስርና 12 ነጠላ ይሆናል፣ 17 ሲነሣለት 25 ይቀራል።

ለአንድ ልጅ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ሌሎቹ ግን ከአጠገቡ ይራቁ። ጠይቃችሁ ዝም በሉ፤ እስከ አሥር ሳትቆጥሩ መልሱን አትንገሩት። የተሳሳተውን በትንሽ ደብተር መዝግቡ፣ ነገ ከዚያው ጀምሩ። ይህ ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። በቁርዓን ቤት ልጁ ሉሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ ያለውን ለየብቻው ለሸኹ ቀርቶ ሳያሳልፍ አዲስ አይጻፍለትም፤ በቄስ ትምህርት ቤትም ፊደሉን የሚቆጥረው በየራሱ ነው።

አስጠኚ የምትቀጥሩ ወላጆች፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ ለሚያስገለብጥ አትክፈሉ። በየሳምንቱ ያንን ትንሽ ደብተር አሳየን በሉት፤ ባለፈው ሳምንት የተጻፈው ስሕተት በዚህ ሳምንትም ካለ አካሄዱን እንዲለውጥ ጠይቁት።

የአንደኛ ደረጃ መምህራን፣ ከደሴ