የተማሪዎቻችን ሥራ ሰኔ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል?

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ትምህርት ቢሮ ኃላፊ
ባሕር ዳር

የተከበሩ የቢሮ ኃላፊ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዚሁ በባሕር ዳር ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር መምህር ነኝ። ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ዝውውር አልጽፍልዎም፤ እሱ የራሱ መንገድና የራሱ ወረፋ አለው። የምጽፈው ተማሪዎች በየትምህርት ዓይነቱ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሠሩት ሥራ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ያ ሥራ ከዓመት ወደ ዓመት የሚሸጋገርበት መዝገብ በየትምህርት ቤቱ እንዲኖር ቢሮው መመሪያ ያውጣልን።

ትምህርት ሲነሣ ሁላችንም በቃላችን የያዝናቸው ቁጥሮች አሉ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በአገር አቀፍ ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ገበናችን ወጣ፤ መውጣቱም ደግ ሆነ። ፈተናውን የምቃወም ሰው አይደለሁም። የሚከነክነኝ አንድ ትምህርት ቤት የሠራው ሁሉ በዚያ አንድ ቁጥር ተጠቅልሎ መቅረቱ ነው። ያላለፉትም ልጆች እኮ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አብረውን ነበሩ። ምን ሲሠሩ ከረሙ? ቢጠየቅ መልሱን ከመምህራን ትውስታ በቀር የሚያገኙበት ቦታ የለም።

ዓመታዊ ሪፖርት አለ ይሉኝ ይሆናል። አለ። «የሳይንስ ክበብ ተቋቁሟል፤ አባላት ወንድ፣ ሴት፣ ድምር» ይላል። ክበቡ ምን እንደለካ፣ ምን እንዳገኘ፣ የለካበት ወረቀት አሁን የት እንዳለ የሚጠይቅ ዓምድ ግን አላየሁም።

ከራሴ ትምህርት ልጀምር። የክበባችን ተማሪዎች የጣናን ውኃ ጥራት የሚለኩበት መሣሪያ ሠርተዋል። መሣሪያው ሴኪ ዲስክ ይባላል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሠራበት ጣሊያናዊው ሳይንቲስት አንጄሎ ሴኪ ስሙን አውርሶታል። ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሰሌዳ ነው፤ ፊቱ አራት ቦታ ተከፍሎ ሁለቱ ጥቁር፣ ሁለቱ ነጭ ይቀባል። በገመድ ታስሮ ወደ ውኃው ይወርድና ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ይመዘገባል። የእኛ ልጆች ከቀለም ባልዲ ክዳን ቆርጠው፣ ከሥሩ ድንጋይ አስረው፣ ገመዱን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በቀይ ክር ምልክት አድርገው ሠሩት። ወጪው ከጥቂት ብር አላለፈም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ይበሉልኝ። የሒሳብ መምህሩ አንድ ልኬት ብቻውን እንደማይታመን ነግሯቸው ሦስት ጊዜ እየለኩ አማካዩን መውሰድ ጀመሩ፤ በግራፍም አወጡት። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የብርሃን ትምህርት ሲደርስ ጥያቄው ከተማሪዎቹ መጣ፤ መምህሯ «ዘንድሮ ያለ ወትሮዬ እኔ ተጠየቅሁ» ብላ ስቃለች። ኬሚስትሪዎች ከቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ አውጥተው የውኃውን አሲድነትና ቤዝነት በቀለም ለዩ። ጂኦግራፊ ደግሞ ቡናማው ውኃ ከየት እንደሚመጣ አሳያቸው። ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው፤ እነሱም የላይኛውን አገር የእርሻ አፈር ይዘው ይወርዳሉ። አማርኛ መምህሩ ሪፖርቱን ሦስት ጊዜ መልሶ አጻፋቸው። በተለይ «በአጠቃላይ» የምትለዋን ቃል ሲሰርዝ የቀይ እስክሪብቶው ቀለም አለቀ ብንል ማጋነን አይሆንም።

አንድ የባልዲ ክዳን ይህን ሁሉ ትምህርት አገናኘ። ሰኔ ላይ ግራፎቹ ተጠቅልለው ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ፤ ልኬቶቹ የተጻፉበት ደብተር ከክበቡ ጸሐፊ ጋር ሄደ፤ ጸሐፊዋ 12ኛ ክፍል ነበረች። በመስከረም አዲስ አባላት መጡና እንደገና ክዳን ፍለጋ ወጡ።

የአንድ ዓመት ልኬት ለተማሪው መለማመጃ ይሆናል፤ ለሐይቁ ግን ብዙም አይነግረንም። በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ መሣሪያ፣ በየወሩ፣ ለአሥር ዓመት ቢለካ ግን ተመራማሪም ቢሆን ቁጭ ብሎ የሚያነበው ነገር ይወጣዋል። በነገራችን ላይ አፈሩ የሚገባው በዋናነት በክረምት፣ እኛ ትምህርት በዘጋንበት ወቅት ነው። ስለዚህ የሐምሌና የነሐሴ ልኬት ለክረምት በጎ ፈቃደኞች መሰጠት ይኖርበታል።

እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በፊት ጀምረው በየወሩ የየራሳቸውን ዳርቻ የሚመዘግቡ ቢሆኑ ኖሮ፣ አረሙ መጀመሪያ የት እንደታየ፣ በየትኛው ወር እንደሰፋ፣ ንፋሱ ወዴት እንደገፋው የሚናገር የተማሪዎች ደብተር ዛሬ በእጃችን ይኖር ነበር። አረሙን ለመንቀል ብዙ ሕዝብ ዘምቷል፤ ወጣቱም ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቷል። ለነቀላ የተጠራው ወጣት ለምዝገባ አልተጠራም። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ለተማሪ መንገር ቀላል ነው። በገንዳ አስቀምጦ እየቆጠረ ግራፉ ወደ ላይ ሲተኮስ ያየ ተማሪ ግን እጥፍ የሚለውን ነገር ዳግመኛ አይረሳውም። (ይህን ሙከራ የሚያደርግ መምህር ሲጨርስ አረሙን አድርቆ ያቃጥል፤ ፍሬው ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ስለሚቆይ ቦይ ውስጥ መጣል አደጋ ነው።)

ስለ ዓሦቹ ሳልናገር ባልፍ የባዮሎጂ መምህርነቴ ይታዘበኛል። ዝርያዎች ከአንድ ምንጭ እንዴት እንደሚበዙ ስናስተምር የጋላፓጎስን ወፎች እንጠቅሳለን። ጣና ውስጥ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ፣ በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ የሚባሉ፣ በአፋቸውና በራሳቸው ቅርጽ የሚለያዩ፣ ሌላ የትም የማይገኙ ከአሥር በላይ ዝርያዎች አሉ። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ስብስብ ከጠፋ ወዲህ ከካርፕ ወገን የሆኑ ትልልቅ ዓሦች እንዲህ ያለ ስብስብ በዓለም ላይ የቀረው እዚህ እንደሆነ ይነገራል። አንዳንዶቹ እንቁላል ለመጣል በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። ሥዕል የሚችሉ ተማሪዎቻችን ከዓሣ አጥማጆች ዘንድ ሄደው አፍ በአፍ እያዩ ሥለዋቸዋል። ከሥዕሎቹ ግማሹ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ታንኳው ላይ የሠሩትም አለ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለምን ይንሳፈፋል? ግንዱን ቆርጠው በአጉሊ መነጽር ሲያዩት አየር የያዙ ቀዳዳዎች አገኙ፤ ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚጨምር መዘኑ፤ ታንኳ ለምን ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚቆም በዚያው ገባቸው። ከታንኳ ሠሪዎቹ ከነገደ ወይጦ አባቶች የሰሙትን የሙያ ቃል ደግሞ በአንዲት ተማሪ ስልክ ቀዱ። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እሰየው። ስልኩ ተበላሸ፤ ቅጂውም አብሮ ሄደ።

አሁን ደግሞ ያልጠፋውን ልንገርዎ፤ ደብዳቤውን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ከጡረተኞች ጋር ቃለ መጠይቅ አድርገው ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ በ1950ዎቹ ሲቋቋሙ ባሕር ዳር ምን ትመስል እንደነበር፣ ሰው ከየት ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ሰፈር ጫካ እንደነበር ጠየቁ። ወረቀቶቹን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን ማንም ሳያዛት በክላሰር አሥራ፣ በላዩ ላይ ርእስና ዓመት ጽፋ ከመደርደሪያ አኖረችው። በዓመቱ የጂኦግራፊ ተማሪዎች አገኙትና ሽማግሌዎቹ የጠሯቸውን ሰፈሮች ካርታ ላይ አወጡ። የእንግሊዝኛው ክበብ ጥቂቶቹን ለጎብኚ በሚሆን መልክ ተረጎመ። የአይቲ መምህሩ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ አስገባው። ሚኒ ሚዲያው በዕረፍት ሰዓት እየቆራረጠ ሲያነበው፣ ከዚያ በፊት የድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ጆሮውን ይይዝ የነበረ ተማሪ ሁሉ የአያቱን ሰፈር ለመስማት ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ክላሰርና ከአንዲት አሳቢ ሠራተኛ ነው።

ስለ ስፖርቱ ብዙ አልናገርም። ዋንጫ ስለሚያመጣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ባለ መስተዋት መደርደሪያ ተሠርቶለታል። ሒሳብና ኬሚስትሪም እንዲህ ያለ መደርደሪያ ቢያገኙ አይከፋቸውም።

እንግዲህ የምጠይቀውን በዝርዝር ላስቀምጥ። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ተማሪዎች የሠሩትን ዋና ሥራ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ምን እንደተሠራ፣ በማን፣ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንዳልተሳካ፣ ዕቃውና ወረቀቱ የት እንደተቀመጠ፣ የሚመጡት ከየት ቢቀጥሉ እንደሚሻል። ገጹ ከሥራው ጋር በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። በመስከረም ክበቦች ሲቋቋሙ የመጀመሪያው ሥራቸው ያንን ማንበብ ይሁን። ለተከታታይ ምዘና መምህሩ ከሚሰጠው ነጥብ ጥቂቱ ከዚህ ሥራ እንዲመጣ ቢፈቀድ ደግሞ ተማሪውም ከልቡ ይይዘዋል።

ደብዳቤውን ለከተማው ሳይሆን ለክልሉ ቢሮ የጻፍሁት ሐይቁ የባሕር ዳር ብቻ ስላልሆነ ነው። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ክልልነት ሲመዘግብ በአስተዳደር ዞን ከፋፍሎ አልመዘገበውም። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ፣ ከቁንዝላ እስከ ፎገራ ዳርቻ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓይነት ክዳን፣ በወሩ አንድ ቀን ቢለኩ ይህን ሊያስተባብር የሚችለው የእርስዎ ቢሮ ነው። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የዓሣ ምርምር ማዕከልም አለ። አንድ ባለሙያ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ልጆቹ የለኩትን ቢያርምላቸው ይበቃል።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው የጊዜ ነው፤ የክበብ ሰዓት በማጠናከሪያ ትምህርት እየተበላ ነው፤ ወላጅም ፈተናውን ነው የሚጠይቀው ይባላል። ወላጅን አልወቅስም፤ እኔም ወላጅ ነኝ። ነገር ግን ግራፍ ከራሱ ልኬት ያወጣ ልጅ በፈተና ወረቀት ላይ የሚመጣለትን ግራፍ እንደማይፈራው በክፍሌ አይቻለሁ። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ይህ መዝገብ ትምህርት ቤቶች የሚወዳደሩበትና ደረጃ የሚሰጥበት ከሆነ በዓመቱ የወረቀት ሥራ ይሆናል፤ ያልተለካ ይለካል፤ ያልተሠራ ይሠራል። ስለዚህ መመሪያው ሲወጣ ለደረጃ እንደማይውል በግልጽ ይጻፍበት። «አልተሳካም» ብሎ የጻፈ የትምህርት ክፍል በዚያ ምክንያት እንዳይጠየቅም ይከበርለት።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን የትምህርት ሥራ ምን ያህል እንደተናጋ ለቢሮው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መምህራን ተበታትነዋል፤ ተማሪዎች አቋርጠዋል፤ በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ባልዲ ክዳን መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሲከፈት የሚገቡት ግን አዲስ መምህራንና አዲስ ተማሪዎች ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ምን ይሠራ እንደነበር የሚነግራቸው ሰው ላያገኙ ይችላሉ፤ የተጻፈ ገጽ ቢያገኙ ግን ከዚያ ይቀጥላሉ።

የቅጹን ረቂቅ ከሒሳብ፣ ከታሪክና ከአማርኛ መምህራን ጋር ሆነን በአንድ ገጽ አዘጋጅተን፣ አድራሻችንን ጨምረን ለቢሮው መዝገብ ቤት አስገብተናል። ከነሐሴው የዕቅድ ዝግጅት በፊት አንድ ባለሙያ ቢመለከትልን በመስከረም ለመጀመር ዝግጁ ነን። ሥራውን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ የክበባችን ሰዓት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናብ ከሆነ ሐይቅ ዳር ስለማንወርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር
ባሕር ዳር