ዳሌ የሚሰበረው በእርጅና ብቻ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ስለ ዳሌ ስብራት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሥራዬ ራጅ ማንሳት ነው። አዛውንቶች ሲወድቁ የሚሰበረውን የጭን አጥንት አንገት በሚገባ ገልጻችሁታል። ችግሩ፣ ዳሌ ሁሉ በዚያው መንገድ የሚሰበር አስመስላችሁታል። ከመኪና አደጋ በአልጋ እየተገፉ እኔ ዘንድ የሚመጡት ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የተሰበረባቸውም የጭን አጥንት ራስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ነው።

ጎድጓዳውን የቡና ሲኒ አድርጋችሁ አስቡት። አፉ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ወደ ፊት ይዞራል፤ አንዳንዱ ሰው ጋ ግን ወደ ኋላ ያዘነብላል። ጥልቅ አለ፣ ጥልቀቱ ያነሰም አለ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው መኪናው ሲጋጭ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይመታል፤ ግፊቱ በጭን አጥንቱ ተጉዞ የሲኒውን የኋላ ከንፈር ያገኘዋል። ከንፈሩ አጭር ከሆነ የአጥንቱ ራስ ሾልኮ ይወጣል፣ ጉዳቱም በውልቃት ሊያበቃ ይችላል። የአጥንቱን ራስ በደንብ አቅፎ የያዘ ከንፈር ግን ቀድሞ ይሰበራል። ዳሌው በሚገባ የተሸፈነ ሰው በዚያው ሽፋኑ ይጎዳል ማለት ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው። አቀማመጥም ድርሻ አለው፦ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠ ለውልቃት፣ ጉልበቱን ከፈት ያደረገ ለስብራት ይቀርባል።

ከፊት ለፊት የተነሳ አንድ ራጅ ይህንን ሁልጊዜ አያሳይም። የኋላው ስባሪ በአጥንቱ ራስ ጥላ ውስጥ ይሸሸጋል። ፈረንሳውያኑ ሮቤር ዡዴ፣ ዣን ዡዴ እና ኤሚል ሌቱርኔል እ.ኤ.አ. በ1964 የጎድጓዳውን ስብራት በ10 ዓይነት ሲከፍሉ፣ ታካሚውን በ45 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን፣ ከዚያም ወደ ሌላው አዘንብሎ ማንሳትን መሠረት አድርገው ነበር። ሲቲ ስካን በሌለበት ሆስፒታል ዛሬም የሚያስፈልገው ሁለት ተጨማሪ ፊልም ነው። ታካሚው በሕመም ይጮኻል፣ እኛም እናዝንለትና አዘንብሎ ማንሳቱን እንተወዋለን። ይህ የእኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው።

ጽሑፋችሁ ወጌሻን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። የወጌሻን እጅ አልንቅም፤ በልጅነቴ የተሰበረ ክንዴን ያቃኑልኝ ወጌሻ ናቸው። የወለቀ ዳሌ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአጥንቱ ራስ የደም ሥር ስለሚታፈን በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው እንዲመለስ ይመከራል፤ ከዘገየ የአጥንቱ ራስ ሊሞት ይችላል። ከኋላው ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭም አለ፤ እሱ ከተጎዳ ሰውየው የእግሩን መዳፍ ቀና ማድረግ ያቅተዋል። ስባሪ አጥንት መገጣጠሚያው ውስጥ መግባቱ ሳይታወቅ እግር መጎተት በጭራሽ አይገባም።

ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ከዘራ የያዙ አባት ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ከጎናቸው የሚኒባስ ጋቢና ፎቶም ብታወጡ ደስ ይለኛል።

አንድ የራጅ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ