ልጄ አላስመሰለችም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

የ13 ዓመት ልጄ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲቃረብ ሌሊት እየባነነች «እማዬ፣ ልሞት ነው» ትለኝ ጀመር። ልቧ ይደልቃል፣ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ። አስተማሪዋ ማስመሰል ነው አለኝ። ሐኪሙ መርምሮ «ልቧ ጤነኛ ነው፤ ጭንቀት ነው» አለን። (ጠበሉንም አልተውንም።)

«ምንም የለም» ማለቴን ተውኩ፤ ለእሷ አለማ! አሁን አጠገቧ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። አየር በአፍንጫ እናስገባለን፤ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በአፍ ቀስ አድርገን እናስወጣለን። አንዳንዴ የመጋረጃውን አበቦች እንቆጥራለን። 23 ናቸው። ብዙ ጊዜ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ይለቃታል።

ትምህርት ቤቱን የለመንኩት ሲነሳባት ወጥታ ውሃ ጠጥታ እንድትመለስ ብቻ ነው። «ታዲያ ለሁሉም ልንፈቅድ ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ለሚያስፈልገው ሁሉ።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ