መጋጠሚያው ካልተሠራ ቤልቱ አይቃናም

ለጥገና አገልግሎት ሰጪው ድርጅት
ለቴክኒክ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ መፍትሔ ያላገኘ የኮንቬየር ቤልት (ጭነት የሚያጓጉዝ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ) መስመር መሳትን ይመለከታል

አዲሱን ቤልት ገጥማችሁ ካስረከባችሁን ወዲህ ባለሙያዎቻችሁ 3 ጊዜ ተመላልሰዋል። ሦስቱንም ጊዜ የሠሩት ያንኑ ነው፤ የጭራውን ፑሊ፣ ማለትም ቤልቱ በኋላ ጫፉ የሚዞርበትን ከበሮ፣ ቡሎን በአንድ በኩል አጥብቀው መሄድ። ቤልቱ ለጥቂት ሰዓት ቀጥ ይልና ሽፍት ሳይቀየር ተመልሶ ወደ ግራ ይሸሻል። በመጨረሻው ጉብኝት ጭራሽ ውጥረቱን ጨመሩት። ውጥረት ሲበዛ ኩሽኔታንና መጋጠሚያን (የቤልቱ ሁለት ጫፎች የተያያዙበትን ቦታ) ይጎዳል እንጂ የተጣመመ ቤልት አያቃናም። ይኸው የጭራው ኩሽኔታ መጋል ጀምሯል።

ችግሩን ራሳችን ፈለግነው። ፑሊው ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ነበር፤ ያ የእኛ ጉድለት ስለሆነ አስቀድመን ጠረግነው። ከዚያ ቤልቱን ባዶውን አስነስተን፣ መጋጠሚያው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን ተከታተልን። ቤልት ከሥር ከሚሸከመው ሮለር ቀድሞ ወደነካው ጫፍ ስለሚሳብ፣ ጥፋቱ የሮለር ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይሸሽ ነበር። የእኛው ግን ጠመኔው በደረሰበት ሁሉ ይወጣል፣ ጠመኔው ሲያልፍ ይመለሳል። ኃይሉን ቆርጠንና ቆልፈን በቤልቱ መሃል ሲባጎ ወጠርን። ከመጋጠሚያው ወዲህና ወዲያ ያለው የመሃል መስመር አንድ ላይ አይውልም። ጫፎቹ ሲገጠሙ ተጣመው ነው የተያያዙት። ይህንን ቡሎን በማጥበቅ ማስተካከል አይቻልም።

የግራው ጠርዝ ከፍሬሙ ጋር እየተፋተገ ጎማው ተልጦ የውስጡ ጨርቅ ታይቷል። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ቤልቱ በሸሸ ቁጥር ጭነቱ ከጎን ይፈሳል፤ የሚያነሳውም ሠራተኛ አካፋ ይዞ ከሚሽከረከረው ሮለር አጠገብ ያጎነብሳል። ማሽኑ ሳይቆም ማንም እንዳይጠጋ አዝዣለሁ። ይሁንና በቀን ስንት ጊዜ ልናቆም ነው?

ስለዚህ መጋጠሚያው ተቆርጦ እንደገና እንዲሠራ እንጠይቃለን። ጫፎቹ በስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) የሚለኩት ከመሃል መስመሩ ተነስቶ ይሁን፤ ጠርዙ ስለተበላ ከእሱ ተነስቶ መለካት ያንኑ ስህተት ይደግማል። ሮለር ማስተካከል ካስፈለገ ከሚሸሽበት ቦታ ቀደም ብለው ያሉት ጥቂት በጥቂቱ ይነኩ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም ቤልቱ ጥቂት ዙር ይሂድ። በመጨረሻ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎም በሙሉ ጭነት ተፈትኖ ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጠን። ውጥረቱን ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደነበረበት መልሱት።

ሲባጎው ላይ የወሰድነውን ልኬትና ፎቶግራፍ አያይዘናል። መስመሩን የምናቆመው እናንተ በምትመጡበት ቀን ስለሆነ፣ ቀኑን በ7 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍል ኃላፊ