በጭንቀትና በድባቴ የቡድን ሕክምናው ለደከማችሁ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ጭንቀትንና ድባቴን አንድ ላይ የሚያክመው የቡድን ሕክምናችን ተጠናቋል። እስከ መጨረሻው ለዘለቃችሁ፣ መሐል ላይ አቋርጣችሁ ለተመለሳችሁ፣ በየቤታችሁ ለታገሣችሁ ቤተሰቦችና አብራችሁን ለሠራችሁ ባለሙያዎች ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ምስጋና በጅምላ ሲሆን ማን ምን እንዳደረገ ስለማይታወቅ በዝርዝር እንሂድበት።

መጀመሪያ ማንም የማያመሰግንበትን ሥራ እናንሣ፤ መጠይቆቹን። በየሳምንቱ አንዱን ለጭንቀት፣ ሌላውን ለድባቴ ሞልታችኋል። እያንዳንዳቸው 5 ጥያቄ አላቸው፤ ድምሩም ከ0 እስከ 20 ነው። አሰልቺ መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች ሁልጊዜ አብረው አይወርዱም። ከአልጋው ተነሥቶ ሰው መካከል መግባት የጀመረ ሰው የድባቴው ቁጥር ሲቀንስለት የጭንቀቱ ለጊዜው ሊጨምርበት ይችላል፤ ሲሸሸው ከኖረው ፍርሃት ጋር ገና መገናኘቱ ነውና። ይህን በወረቀት ላይ ያላየ ሰው «ባሰብኝ» ብሎ የሚያቋርጠው በዚያው ሳምንት ነው።

ሁለቱን ለየብቻ ከማከም ይልቅ የጋራ መሠረታቸውን ማከም ይሻላል የሚለውን አካሄድ መልክ ያስያዙት የሥነ ልቦና ባለሙያው ዴቪድ ባርሎውና በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2017 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በታተመው ጥናታቸው፣ ዋና ችግራቸው ጭንቀት ነክ የሆነ 223 ሰዎች ተሳትፈዋል። የጋራ ሕክምናው ለእያንዳንዱ ሕመም ተለይተው ከተዘጋጁት ጋር የሚተካከል ውጤት አሳየ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁትም የጋራ ሕክምናውን ከወሰዱት መካከል በርከት ይሉ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጭንቀትም ሆነ ድባቴ ላይ ሰውየው ብርቱ ስሜትን እንደ አደጋ ይቆጥራል፣ ይሸሸዋል፤ ሽሽቱ ለጊዜው ስለሚያሳርፈው በሚቀጥለውም ይሸሻል።

ይህን ዑደት በየማስታወሻችሁ ስላወጣችሁት እናመሰግናለን። ምን ቀደመ፣ ምን አሰብሁ፣ ሰውነቴ ምን ተሰማው፣ ምን አደረግሁ፣ ወዲያው ምን አገኘሁ፣ ቆይቶስ ምን ከፈልሁ? በጅማሬው ብዙ ሰው «መጥፎ ቀን ነበር» ብሎ ያልፋል፤ በዚህ ምንም መሥራት አይቻልም። የሚያስፈልገው አንድ ቅጽበት ነው፤ ለምሳሌ ስልክ ሲጠራ አለማንሣት። የተጨነቀው «ምን ሊጠይቁኝ ይሆን?» ብሎ፣ ድባቴ የያዘው «ማውራቱ ምን ይረባኛል?» ብሎ አያነሣም። ሁለቱም ለጥቂት ደቂቃ ያርፋሉ፣ ሁለቱም ነገ ያንኑ ስልክ ማንሣት ይከብዳቸዋል።

ሐሳብን በመፈተሹ ሥራ ላይ ባጭሩ እናልፋለን። ሁለቱ ወጥመዶች፣ ማለትም ክፉው ነገር መድረሱ አይቀርም ማለትና ከደረሰ አልችለውም ማለት፣ አሁን ለሁላችሁም የታወቁ ናቸው። አንድ ሁለት ሌላ አማራጭ ማሰብ ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ከሐሳብ ጋር መሟገት ራሱ ሌላ ማብሰልሰል ነው።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናችሁ ግን ሰውነታችሁንና ስሜታችሁን ስለተጋፈጣችሁበት ነው። አፍንጫን ይዞ በቀጭን ስትሮ ለ2 ደቂቃ መተንፈስ፣ ለ1 ደቂቃ በፍጥነትና በጥልቀት መተንፈስ፣ ለ1 ደቂቃ ባሉበት መሽከርከር ለተመልካች ጨዋታ ይመስላል። የልቡን ምት እንደ ሞት ምልክት ለሚያይ ሰው ግን ከባድ ነው። የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም እርግዝና መኖሩን አስቀድማችሁ ያጣራችሁ ሐኪሞች፣ ይህ ክፍል ያለ እናንተ አይሠራም ነበር። በየልምምዱ መጨረሻ የስሜቱን ብርታት፣ ያስከተለውን ጭንቀትና ከተለመደው ድንገተኛ የጭንቀት ጥቃት ጋር ያለውን መመሳሰል ከ0 እስከ 10 መመዘን፣ ከዚያም መድገም። ስሜቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ካቆሙ አእምሮ የሚይዘው «በማቆሜ ዳንሁ» የሚለውን ነው። የውሃ ጠርሙስ መያዝ፣ በር አጠገብ መቀመጥ፣ ስልክን ከእጅ አለመለየትም በስውር ያንኑ ይሠራሉ። እነዚህን አንድ በአንድ የተዋችሁ፣ ትልቁ እርምጃ ያ ነበር። ድባቴ ለበረታባችሁ መጋፈጡ ሌላ መልክ ነበረው፤ ፍላጎት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ተነሥቶ ሥራ መጀመር፣ ወይም ለሰው ደውሎ «እንገናኝ» ማለት።

ቤተሰቦች፣ «ምንም አትሆኚም»፣ «አይዞህ፣ እኔ እደውልልሃለሁ» የሚለውን ቃል መዋጣችሁ ቀላል አልነበረም፤ ጭካኔ የመሰላችሁም ነበራችሁ። ማጽናኛው በተደጋገመ ቁጥር ጥያቄውም ስለሚደጋገም፣ በምትኩ «ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ ዛሬ ከመጋፈጡ ልምምድ የትኛውን ደረጃ ነው የምትሞክሪው?» ማለትን ተለማመዳችሁ። መድኃኒት የምታዝዙ ሐኪሞችም ከልምምዱ በፊት የሚዋጥ ማረጋጊያ እንክብል ትምህርቱን እንደሚሸፍነው አስረድታችሁ፣ በድንገት ሳይቋረጥ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ አድርጋችኋል።

ውጤት የምትደምሩ ባልደረቦቻችን፣ የድባቴው ቅጽ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ እንደማይጠይቅ አውቃችሁ በየጊዜው በቃል ስለጠየቃችሁ ባለዕዳዎቻችሁ ነን።

መጠይቆቹን በወር አንድ ጊዜ መሙላታችሁን ቀጥሉ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ካገኛችሁት፣ የሸሻችሁትን ነገር ከማስታወሻው ፈልጋችሁ ከቀላሉ ደረጃ እንደገና ጀምሩ፤ ካልሆነላችሁ ደውሉልን። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቁጥር አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ለእኛ ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ንገሩ።

ከልብ እናመሰግናለን።

የቡድን ሕክምናው ቴራፒስቶች