«ፍቅረኛው» ያላችኋት ሴት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቅርቡ ስለ አሜሪካ መሥራች አባቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ እኔም የማላውቀው ነገር ነበረበት። አንድ አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ሳሊ ሄሚንግስ የምትባል ጥቁር «ፍቅረኛ» እንደነበረችው፣ ይህም «ምስጢር» በ1998 በዲኤንኤ ምርመራ እንደወጣ ትነግሩናላችሁ። ሁለቱም ቃላት ልክ አይደሉም። (ዓመቱን እንደ እናንተው በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።)

ከ«ፍቅረኛ» ልጀምር።

ሳሊ የተወለደችው በ1773 ነው። እናቷ ኤልሳቤጥ ሄሚንግስ ባሪያ ነበረች። አባቷ ጆን ዌይልስ የሚባል ጠበቃና የባሪያ ነጋዴ ነው፤ የኤልሳቤጥም ጌታ እሱ ነው። ይኸው ዌይልስ ከሕጋዊ ሚስቱ ማርታ የምትባል ልጅ ነበረችው። ማርታ ጄፈርሰንን አገባች። ዌይልስ ሲሞት መሬቱም፣ ዕዳውም፣ ባሮቹም ለልጁና ለአማቹ ተላለፉ። ሕፃኗ ሳሊም አብራ ሄደች። እንግዲህ ሳሊ ለጄፈርሰን ሚስት የአባቷ ልጅ፣ ለጄፈርሰን ደግሞ ዋርሳው ናት ማለት ነው። ዋርሳውን በውርስ አገኛት። በአማርኛ ሲጻፍ ቃሉ ራሱ ይቀፋል።

ማርታ በ1782 ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ ጄፈርሰን የአገሩ ልዑክ ሆኖ ፓሪስ ሄደ። በ1787 ትንሿ ልጁ ባሕር ተሻግራ ስትመጣ አጅባት የመጣችው ሳሊ ነበረች። እሷ 14 ዓመቷ፣ እሱ 44። መንገድ ላይ ለንደን የተቀበለቻቸው አቢጌል አዳምስ (እዚያ የነበረው የአሜሪካ ልዑክ የጆን አዳምስ ሚስት)፣ ከልጅህ ጋር የመጣችው ራሷ ገና ልጅ ናት ብላ ለጄፈርሰን ጽፋለታለች።

ፓሪስ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። በፈረንሳይ ምድር ባርነት በሕግ አይጸናም ነበር። ሳሊ አቤት ብትል ነፃ መውጣት ትችል ነበር። ወንድሟ ጄምስም እዚያው ነበር፤ የፈረንሳይ ምግብ አሠራር እየተማረ። በ1789 ጄፈርሰን ወደ ቨርጂኒያ ሊመለስ ሲነሳ፣ ልጇ ማዲሰን ኋላ እንደተናገረው፣ ነፍሰ ጡር ነበረች። አልመለስም አለች። እሱም ቃል ገባላት፤ አንቺን በተለየ ሁኔታ እይዝሻለሁ፣ የምትወልጃቸው ልጆችም 21 ዓመት ሲሞላቸው ነፃ ይወጣሉ አላት። አምናው ተመለሰች። ያኔ 16 ዓመቷ ነው። ሰው አገር፣ ሰው ቤት ሠርታ የኖረች እህት ያላችሁ ይህን ድርድር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን እንበላት? ቋንቋችን በዚህ ነገር ድሃ አይደለም። ውሽማ የሚባል አለ። ውሽማ ግን በሯን ስትፈልግ ትከፍታለች፣ ሲሰለቻት ትዘጋለች። የደሞዝ ሚስት አለች። እሷ ውል አላት፣ ደሞዝ አላት። እቁባት ትንሽ ይቀርባል። «የጭን ገረድ» የሚለው የድሮ የጌቶች ቤት ቃል ለጆሮ ይከብዳል፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ወደ እውነቱ የሚጠጋው ግን እሱ ነው። እሱም ቢሆን አይሞላም። ገረድ ሲመራት ጓዟን ጠቅልላ ትወጣለች። ሳሊ ብትወጣ ኮብላይ ተብላ ትታደናለች። «በባርነት የያዛት፣ ልጆች የወለደችለት ሴት» ብትሉ ይረዝም ይሆናል፣ ግን ቦታ አላችሁ። ትወደው ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከእሷ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አልቀረልንም። ሥዕሏ እንኳን የለም። የማናውቀውን ፍቅር ምን አስቸኮለን?

አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥተው በነበረ ጊዜ ሞንቲሴሎን ላሳያቸው ወሰድኳቸው። የጄፈርሰን ቤት ነው፣ ሻርለትስቪል አጠገብ ያለ ኮረብታ ላይ። እኛ ካለንበት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። እሳቸው የገረማቸው ቤቱ አልነበረም። የሳሊ ነበር ተብሎ የሚታመነው ጠባብ፣ መስኮት አልባ ክፍል ለብዙ ዓመታት ለጎብኚዎች መጸዳጃ ቤት ሆኖ ማገልገሉ ነው። ለእሷ መታሰቢያ ሆኖ የተከፈተው በ2018 ነው። ከዚያ ሲወጡ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጆቹ በማን ስም ነው የተጠሩት?»

«በእናታቸው» አልኳቸው።

«አባት የላቸውም እንዴ?»

ነገሩ ሁሉ እዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ። እኛ ልጅ የምንጠራው በአባቱ ስም ነው። በእኛ ቢሆን ማዲሰን ቶማስ፣ ኤስተን ቶማስ ይባሉ ነበር። የጌታ ልጅ ከአገልጋይም ቢወለድ የአባቱ ስም አይቀርበትም፤ የአፄ ምኒልክ እናት የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበሩ ሲባል ሰምተን አድገናል። (የእኛን አገር ባርነት ላሳምር አይደለም። እኛም ቤት አጥንት ሲቆጠር የሚዘለሉ አያቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን።) እንግሊዞችም ልጅን በአባቱ ነበር የሚቆጥሩት። የቨርጂኒያ ሹማምንት ግን በ1662 ይህን ገለበጡት፤ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ብለው ደነገጉ። እናቱ ባሪያ ከሆነች እሱም ባሪያ ነው፣ አባቱ ማንም ይሁን ማን። ጌታው ከገዛ ባሪያው በወለደ ቁጥር ሀብቱ ይጨምራል። የመሥራች አባቶች ቤት ክልስ ልጆች የመጡት ከዚህ ሕግ ሥር ነው። ከአንድ ሰው ድክመት ብቻ የመጡ አይደሉም።

ስሌቱን ደግሞ ጄፈርሰን ራሱ ሠርቶታል። በ1815 አንድ ሰው «ሙላቶ» (የነጭና የጥቁር ክልስ) የሚባለው የት ድረስ ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ በአልጀብራ ቀምሮ ላከለት። አንድ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እያለ። ሦስተኛው ትውልድ ከነጭ ጋር ሲቀላቀል ደሙ ይጠራል፤ ሰውየው ነፃ ከወጣ ነጭ ዜጋ ነው፣ እናቱ ባሪያ እስከሆነች ድረስ ግን ባሪያ ነው ይላል። አሁን የኤልሳቤጥን እናት እንቁጠር። አፍሪካዊት። ከእንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ኤልሳቤጥን ወለደች፣ ሄሚንግስ የሚለው ስም የመጣው ከእሱ ነው። ኤልሳቤጥ ከዌይልስ ሳሊን ወለደች። ሳሊ የወለደቻቸው ልጆች አንድ ስምንተኛ ናቸው። ጄፈርሰን ያን ደብዳቤ ሲጽፍ አራቱ ልጆች እዚያው ግቢ ውስጥ ይላላኩ ነበር።

ወደ «ምስጢር» እንሂድ።

ጄምስ ካሌንደር የሚባል ጋዜጠኛ ሹመት ጠይቆ ተነፈገ። አኩርፎ በ1802 ሪችመንድ ላይ ጉዳዩን በጋዜጣ አወጣው፣ ስሟንም ጠርቶ። ከዚያ በኋላ የቀለደ ቀለደ፣ የገጠመ ገጠመ። በ1804 የወጣ አንድ ካርቱን ጄፈርሰንን አውራ ዶሮ፣ ሳሊን ዶሮ አድርጎ ሥሏቸዋል። ጄፈርሰን በአደባባይ ትንፍሽ አላለም። በዚያው ዓመት በሰፊ ልዩነት በድጋሚ ተመረጠ። ካርቱን የወጣለት ነገር ምስጢር ከሆነ እንግዲህ ሌላ ነው።

በ1873 ደግሞ ማዲሰን ሄሚንግስ፣ ኦሃዮ ውስጥ የሚኖር አናጢ፣ ለአንድ የአካባቢ ጋዜጣ ሕይወቱን ተናገረ። እናቴ ሳሊ ናት፣ አባቴ ቶማስ ጄፈርሰን ነው አለ። የፓሪሱን ድርድር የምናውቀው ከእሱ ነው። በሞንቲሴሎ ባሪያ የነበረ እስራኤል ጄፈርሰን የሚባል ሰውም በዚያው ዓመት እውነቱን ነው ብሎ መሰከረ። በሌላ በኩል የጄፈርሰን የልጅ ልጆች አሉ። አባትየው አያታችን ሳይሆን የአያታችን የእህት ልጅ ነው ይላሉ። የትኛው የእህት ልጅ? ወንድምየው ፒተር ካር ነው አለ። እህትየዋ ሳሙኤል ካር ነው አለች። አንድ ቤት ያደጉ ወንድምና እህት በስም እንኳን አልተስማሙም። ግን የታሪክ ጸሐፊዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ያመኑት እነሱን ነው። አናጢው ደግሞ ራሱን ከፍ ለማድረግ ነው ተባለ።

የ1998ቱ ምርመራ በአባት በኩል ብቻ የሚተላለፈውን ምልክት የሚያይ ነበር። ጄፈርሰን ከሚስቱ ለትውልድ የደረሰ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የአጎቱ ዘሮች ደም ተወሰደ። ከሳሊ የመጨረሻ ልጅ ከኤስተን ዘር ጋር ገጠመ። የካሮቹ አልገጠመም። እውነት ለመናገር ምርመራው ብቻውን ከጄፈርሶኖቹ የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ዛሬም ታናሽ ወንድሙ ነው የሚሉ ጥቂቶች አሉ። ግን ሳሊ ከመውለዷ ዘጠኝ ወር በፊት ጄፈርሰን ሁልጊዜ ሞንቲሴሎ ነበር። ልጆቿም በሙሉ ነፃ ወጥተዋል፤ እዚያ ግቢ ሌላ ቤተሰብ ይህ አልደረሰውም። ሞንቲሴሎን የሚያስተዳድረው ተቋም በ2000 ይህን ሁሉ አመዛዝኖ አባትየው እሱ ነው ብሎ ተቀብሏል። ማዲሰን ከተናገረ 127 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ምስጢር ወጣ ከማለት፣ የተነገረው ታመነ ቢባል አይሻልም?

መደበቅ ለምን እንዳዋጣ ለማየት ያልደበቀውን ሰው እዩት። ሪቻርድ ሜንተር ጆንሰን ከ1837 እስከ 1841 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። ኬንታኪ ውስጥ ጁሊያ ቺን ከምትባል ባሪያው ጋር እንደ ባልና ሚስት ኖረ፣ ሚስቴ ይላት ነበር። እሱ ዋሽንግተን ሲሆን እርሻውን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ለአሜሪካ ነፃነት የተዋጋው ፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋዬት በ1825 ሲጎበኛቸው ድግሱን ያሰናዳችው እሷ ነበረች። ኢሞጂንና አደላይን የሚባሉ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን አስተማረ፣ ስሙን ሰጣቸው፣ መሬት ሰጣቸው። ጁሊያ በ1833 በኮሌራ ሞተች። ከሦስት ዓመት በኋላ በምርጫው፣ ግዛታቸውን ወክለው ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን ከሚመርጡት ወኪሎች የቨርጂኒያዎቹ 23 አንመርጠውም አሉ። አንድ ድምፅ ጎደለውና ሴኔቱ መረጠው፤ ምክትል ፕሬዚዳንት በሴኔት ሲመረጥ ያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። ያናደዳቸው ከባሪያው መውለዱ አልነበረም፤ ያንንማ ስንቱ ያደርገው ነበር። ያናደዳቸው ማዕድ ላይ አብሮ መቀመጡ ነው።

ጆንሰንንም ግን ጻድቅ አታድርጉት። ጁሊያን ነፃ አላወጣትም። እሷ ከሞተች በኋላ የያዛት ሌላ ባሪያ ጥላው ስትጠፋ አስይዞ ሸጧታል። እሱ ራሱ በ1850 ሲሞት ፍርድ ቤቱ ሚስትም ልጅም የለውም ብሎ መዘገበ። ኢሞጂን በሕይወት ነበረች። ውርሱን ወንድሞቹ ወሰዱት።

እኛ በየቀኑ የምናልፍበት የአርሊንግተን መካነ መቃብርም የዚሁ ታሪክ ነው። መሬቱ የማርታ ዋሽንግተን የልጅ ልጅ የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ ነበር። ከስቲስ ከአሪያና ካርተር፣ ከባሪያይቱ፣ ማሪያ ሳይፋክስ የምትባል ልጅ ወለደ። ለእሷ 17 ኤከር መሬት ሰጣት፣ ወረቀት ግን አልሰጣትም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ መሬቱን ለማስከበር በ1866 የኮንግረስ ሕግ አስፈልጓል። ሌላዋ ልጁ በዚያ ጦርነት የደቡቡን ጦር የመራው የጄኔራል ሮበርት ሊ ሚስት ናት።

የሳሊ ልጆች መጨረሻ እንዴት ሆነ? ማዲሰን ጥቁር ሆኖ ኖሮ ጥቁር ሆኖ ሞተ። ኤስተን በ1852 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ዊስኮንሲን ተሻገረና ጄፈርሰን የሚለውን ስም ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ነጭ ሆኑ። ልጁ ጆን ዌይልስ ጄፈርሰን በእርስ በርስ ጦርነቱ ኮሎኔል ነበር። አንድ የድሮ የኦሃዮ ሰው ሲያገኘው፣ እባክህ ደሜን ለወታደሮቼ እንዳትነግርብኝ ብሎ ለምኖታል። በኋላማ የኤስተን ዘሮች የጄፈርሰን አጎት ዘር ነን እያሉ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ሳሊን ለመደበቅ ፕሬዚዳንቱንም ደበቁት።

ሃሪየት ደግሞ በ1822፣ በ21 ዓመቷ፣ 50 ዶላር ተሰጥቷት ወደ ፊላዴልፊያ በሚሄድ ሠረገላ ተሳፈረች። ገንዘቡን የሰጣት የግቢው አዛዥ ነው፣ በጄፈርሰን ትእዛዝ። ጄፈርሰን ግን በእርሻ መዝገቡ ላይ ኮብልላለች ብሎ ጻፈ። የነፃነት ወረቀት አልያዘችም። ማዲሰን እንደሚለው እዚህ ዋሽንግተን አንድ ነጭ አገባች፣ ልጆች ወለደች፣ ማንም አልጠረጠራትም። የባሏን ስም አውቀዋለሁ፣ ለደኅንነቷ ስል ግን አልናገርም አለ። አልተናገረምም። የሃሪየት ዘሮች እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ማስተካከያ የምታወጡ ከሆነ «ምስጢር» የምትለዋን ቃል እዚህ ጋ ብትጠቀሙባት ቅር አይለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ