ሳይቆፈር በፊት የቁፋሮ ድጋፉ ንድፍ ይጠየቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የጅማ ከተማ፣ የሄርማታ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በግንባታ ፎርማንነት ነው።

ከአጥሬ ጀርባ ለሕንፃ ምድር ቤት ከ6 ሜትር በላይ ተቆፍሯል። በቅርቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ስወጣ ግቢዬ አጥሩን ተከትሎ ተሰንጥቋል። ጣቴን ብሰድበት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። የማድቤቱን ግድግዳ ስንጥቅ ጫፍ በእርሳስ አስምሬ ቀን ጻፍኩበት፤ በአራተኛው ቀን ምልክቱን አልፎ ሄደ።

የጉድጓዱ ግድግዳ እንዳይናድ ድጋፍ የተባለው የባሕር ዛፍ አጣናና ጣውላ ነው። አጣናን አልንቅም፤ ስንት ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ተሸክሞልናል። የሥራውን ኃላፊ «ልጄ፣ የድጋፉ ንድፍ የት አለ?» ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ያለፈውንም ጉድጓድ የደገፍነው እንዲሁ ነው፤ ምንም አልሆነም» አለኝ። ያለፈው ጉድጓድ 3 ሜትር ነበር።

ጥልቀት እጥፍ ሲሆን ውሃ ግድግዳውን የሚገፋበት ጠቅላላ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከድጋፍ ጀርባ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢጠራቀም፣ እያንዳንዱን አንድ ሜትር የግድግዳ ርዝመት በ4.5 ቶን ይገፋል። 6 ሜትር ሲደርስ 18 ቶን ነው። ይህ ውሃው ብቻ ነው፤ አፈሩ አለ፣ የቤቴ ክብደት አለ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ የተከመረው ጠጠር አለ። የሚያታልለን ሸክላ አፈራችን ነው፤ በደረቁ ወራት እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ውሃ ሲጠግብ ግን ይከዳል። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ ክረምትን አይጠብቅም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል።

ንድፍ ስል ወረቀት ለማሟላት ያህል አይደለም። አፈሩ ተመርምሮ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ ተለክቶ፣ የድጋፉ ምሰሶ ከጉድጓዱ ወለል በታች ስንት ሜትር እንደሚተከል ይሰላል። ከድጋፉ ጀርባ ያለው ውሃ በየት እንደሚወጣ ይታሰባል። ምሰሶዎቹን ደግፎ የሚይዘው አግዳሚ ሳይገባ ከእርሱ በታች አይቆፈርም፤ የምድር ቤቱ ሶሌታ ጠንክሮ ግፊቱን ሳይረከብም አግዳሚው አይነቀልም። ብዙ ጊዜ የሚጣሰው ይህ ቅደም ተከተል ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ20 ጫማ (6.1 ሜትር ገደማ) የሚበልጥ ቁፋሮ መከላከያው በተመዘገበ መሐንዲስ መነደፍ አለበት፤ ዝናብ ሲጥልም ጉድጓዱ እንደገና ይመረመራል።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ ኃላፊዎቻችን የሕንፃውን ንድፍ እንደሚጠይቁ ሁሉ የቁፋሮ ድጋፉንም ንድፍ ለብቻው ይጠይቁ፤ ያለ እርሱ ኤክስካቫተር አይግባ። የጎረቤት ቤትም ሳይቆፈር በፊት ታይቶ ይመዝገብ። አሁን ግን ከሁሉ በፊት ባለሙያ መጥቶ ይህን ጉድጓድ ይይልን። ዛሬም ሠራተኞቹ አካፋ ይዘው ከዚያ አጣና ሥር ወርደዋል። የማድቤቱን ግድግዳ ምልክትና የጻፍኳቸውን ቀናት ለማሳየት በማንኛውም ሰዓት ቤቴ ክፍት ነው።

ከሄርማታ ነዋሪ፣ ጅማ